የቶርኖ መቁረጫ መደንዘዙን በድምፅ ማወቅ ይቻላል?

ባለቶርኖው (ፍኖተ ሰላም)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ቶርኖ ቤት አለኝ፣ ብረት በማሽን እያዞርኩ እቆርጣለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው የወፍጮ ሻፍት ነው። እህል ተወቅቶ ወፍጮ ሲበዛበት የሚሰበረው ሁሉ ወደኔ ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለወፍጮ ከቋሪት ሻፍት ይዞ መጣ። የኩሽኔታው መቀመጫ 45 ሚሊ ነው። የመጨረሻዋን ስስ ዙር እየቆረጥኩ መሃል ላይ ስደርስ የካርባይዱ (የጠንካራው መቁረጫ) ጫፍ ተሸረፈ። ጥፍር የሚያስገባ ጭረት ትቶበት አለፈ። ሌላ ብረት ገዝቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሰውየው ሁለት ቀን እኔ ጋ ዋለ። አህያ ጭነው የመጡ ሴቶች ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ እየጠበቁት ነበር። በጣም አፈርኩ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ሻይ እየጠጡ «ደንዝዟል፣ ቀይረው» ይሉኝ ነበር። በጆሯቸው ብቻ! ያንን በስልክ መያዝ ይቻላል? ወይስ የሞተሩን ኮረንቲ ልለካ? ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ ቆንጥጦ አምፔር የሚለካ) አለኝ።

መካኒካል (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ ይቻላል። ጋሼ በጆሯቸው የሚያውቁትን ትልልቅ ፋብሪካዎች በሴንሰር ነው የሚከታተሉት። ስለቱ ሲበላ ጎኑ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ይወጣል። እሱ ብረቱን አይቆርጥም፣ ይፈትገዋል። ሙቀቱም ንዝረቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። በአይሶ 3685 (የቶርኖ መቁረጫ ዕድሜ መፈተኛ ዓለም አቀፍ ደረጃ) መሠረት ጠፍጣፋው በአማካይ 0.3 ሚሊ ሲደርስ ካርባይዱ አለቀ ይባላል።

የስልኩን የንዝረት ሴንሰር ተወው። አብዛኛው በሰከንድ ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ ነው የሚያነበው፣ ጩኸቱ ያመልጠዋል። ማይኩ ግን 44,100 ጊዜ ያነባል፣ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ 20 ሺህ ንዝረት) ገደማ ይደርሳል። ስፔክትረም፣ ማለትም በየትኛው ኸርዝ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳለ፣ የሚያሳይ አፕ ጫን። ድምፅ በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ሴቲንግ አጥፋ፣ አለዚያ የምትፈልገውን ልዩነት ራሱ ይደብቅብሃል። ስልኩን ሁሌ አንድ ቦታ አስቀምጥ። መጀመሪያ በአዲስ ጫፍ ቅዳ፣ ከዚያ በየሥራው። ስፒዱ፣ ፊዱ (መቁረጫው የሚገፋበት ፍጥነት)፣ ጥልቀቱና ብረቱ አንድ ካልሆነ ግን እባክህ አታወዳድር።

ፍሬዛ ሠሪ (ደብረ ማርቆስ)፦
ክላምፕ ሜትሩን እኔም ሞክሬዋለሁ። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ቮልቱ ይወርዳል። ያኔ ሞተሩ ለዚያው ሥራ ብዙ አምፔር ስለሚስብ መቁረጫው የደነዘዘ ይመስላል። ቮልቱንም አብረህ ጻፍ።

ፍሬዛ ላይ፣ ማለትም ብረቱ ሳይሆን መቁረጫው በሚዞርበት ማሽን፣ ነገሩ ይቀላል። ባለ 4 ጥርስ መቁረጫ በደቂቃ 600 ሲዞር በሰከንድ 10 ዙር ነው፣ 40 ጊዜ ይመታል። በንዝረቱ ስፔክትረም 10 ኸርዝ (በየዙሩ አንዴ) ላይ አዲስ መስመር ከፍ ካለ አንዱን ጥርስ ጠርጥር። አስተሳሰሩንም እይ፣ ተጣሞ የታሰረ መቁረጫም እንደዚያ ያሳያል።

ባለቶርኖው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አንዱን ብረት በአዲስ ጫፍም በደነዘዘውም ቆረጥኩት። ደንዛዛው 3 ሺህ ኸርዝ አካባቢ አዲሱ ላይ ያልነበረ ጉብታ አወጣ። ሁለቴ ደገምኩት፣ ሁለቴም አለ። ደስታዬን አልነግራችሁም። ጎረቤቴ በያጁ ግራይንደር ሲያስነሳ ግን ስክሪኑ በሙሉ ይጥለቀለቃል። ምን ላድርግ?

መካኒካል (ባሕር ዳር)፦
ከሬዲዮ ጠጋኝ አንድ የፒዞ ዲስክ ፈልግ፣ ያ ክብ የቡዘር ሳህን። መቁረጫው በታሰረበት መያዣ ላይ ለጥፈህ በማይክ ጃክ ከስልኩ ጋር አገናኘው። ያኔ የሚሰማው ከአየሩ ሳይሆን ከብረቱ ነው። ገመዱን ግን ብረቱን ይዞ ከሚዞረው ቸክ አርቀህ እሰር፣ እንዳይጠመጠምብህ።