ፕላስቲክ በሙቀት ማስቀረጽ ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ ማዕዘኑን እዩ

የማሽን መሸፈኛ፣ ትሪ ወይም ብርሃን አሳላፊ ክዳን በሙቀት ማስቀረጽ የፈለገ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ነው። የእኔ ጥቆማ ግን ከዕቃው ማዕዘን ጀምሩ የሚል ነው።

ጠፍጣፋው የፕላስቲክ ሉህ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በሥሩ ያለው አየር ተመጥጦ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ላይ ሲሳብ ይለጠጣል። አዲስ ፕላስቲክ አይጨመርበትም፣ ያለው ነው የሚሳሳው። አንድ ጊዜ ከ3 ሚሊሜትር ሉህ የወጣ ጥልቅ ሳጥን ደረሰኝ። ላዩ እንከን የለውም። የታችኛውን ማዕዘን በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን ወደ ውስጥ ገባ። ቆርጬ በካሊፐር ስለካው 1 ሚሊሜትር እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ናሙና ጠይቁ፣ ቁረጡት፣ ለኩት። ናሙና አላስቆርጥም የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ሥራችሁ ጥልቀት ካለው፣ አየሩ ከመሳቡ በፊት ሉሁን ወደ ታች የሚገፋ መግፊያ ያለውን አሠራር ምረጡ። ፕላስቲኩን ቀድሞ ወደ ታች ስለሚያደርሰው የታችኛው ማዕዘን ያን ያህል አይሳሳም። ገንዘብ መጨመር ካለባችሁ እዚህ ላይ ጨምሩ።

ቫኪዩም (አየሩን መምጠጥ) ብቻውን ሉሁን የሚጫነው በከባቢ አየር ግፊት፣ ማለትም ቢበዛ በ1 ባር ገደማ ነው። ለትልልቅና ለስላሳ ቅርጾች በቂ ነው። ጥርት ያለ ጽሑፍ ወይም ሹል ጠርዝ ከፈለጋችሁ ግን ከላይ በታመቀ አየር የሚጫን ማሽን ያስፈልጋችኋል።

ወደ ሉሁ ስንመጣ፣ ለሽፋን ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ አሪፍ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉም ይቀረጻል። ፀሐይ ላይ ግን ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። ደጅ የሚውል ዕቃ ከሆነ ላዩ ፀሐይን በሚቋቋም ፕላስቲክ፣ በአክሪሊክ ወይም በኤኤስኤ፣ የተሸፈነውን ግዙ።

ብርሃን ለሚያሳልፍ ዕቃ ብዙ ሰው ዘሎ ፖሊካርቦኔት ይላል። ጥንካሬው እውነት ነው፣ ሙቀትም ይችላል። ችግሩ ከአየር እርጥበት መጠጣቱ ነው። በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለሰዓታት ካልደረቀ፣ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል። መስታወት የመሰለው ሉህ ዓይናችሁ እያየ የመርፌ ጫፍ በሚያካክሉ አረፋዎች ይሞላል። ያን ሉህ የሚመልሰው ነገር የለም። ፒኢቲጂ የሚባለው ሌላው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማድረቅ አያስፈልገውም፣ በዝቅተኛ ሙቀትም ይቀረጻል። ከባድ ምት ወይም ኃይለኛ ሙቀት ለማያገኘው ዕቃ እኔ ሁልጊዜ እሱን ነው የምመክረው።

ለጥቂት ፍሬ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ሞልድ ይበቃል። ለሺዎች ግን ውሃ የሚያቀዘቅዘው አሉሚኒየም ይሁን፤ እንጨት ሙቀቱን ስለሚይዝ ሥራው እየቆየ ይዛነፋል። ሞልዱ ወደ ላይ የወጣ፣ ሉሁ ከላዩ የሚለብሰው ከሆነ ግድግዳው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያዘንብል። ቀጥ ካለ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፣ አልላቀቅም ይላል።

ፖሊካርቦኔት የግድ ከሆነባችሁ፣ ሠሪውን ሉሁን የት እና ስንት ሰዓት እንደሚያደርቅ ጠይቁት። ማድረቂያውንም ያሳያችሁ።