«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚሉ እናት፣ አስታማሚያቸውና የጤና ጣቢያው ባለሙያ እንዴት ይግባቡ?

የባሶና ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ወገኖቼ፤ የማነሣው ጉዳይ የእናቴ ቢሆንም ብዙዎቻችሁን የሚነካ ስለመሰለኝ በዝርዝር እጽፋለሁ። እናቴ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ቆየ፤ አባታችን ካረፉ በኋላ ቆብ ደፍተው በባሶና ወራና ገጠር ከታናሽ እኅቴ ጋር ይኖራሉ። የደም ግፊት ስላለባቸው ከጤና ጣቢያ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ክኒኖች በየወሩ ይሰጣቸዋል። የምታስታምማቸው እኅቴ ናት፤ እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በማስተማር ስለምተዳደር የምደርስላቸው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

በጾመ ነቢያት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ሁለቱም ጊዜ ሌሊት፣ ሁለቱም ጊዜ ለሽንት ከቤት ወጥተው ሲመለሱ ነው። የታኅሣሥን ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ውድቀት እጃቸው ስላበጠ ወደ ጤና ጣቢያው ስንወስዳቸው እኔም አብሬ ገባሁ። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው። «እማሆይ፣ እንዴት ነዎት?» አላቸው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። «መድኃኒቱን በሥርዓቱ ይወስዳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የመለሰችው እኅቴ ናት፤ «አዎ፣ አንድም ቀን አላቋረጡም» አለች። እጃቸው ታየ፣ ስብራት እንደሌለው ተነገረን፣ ግፊታቸው ተለካ፤ ከፍ ብሎ በመገኘቱ አምሎዲፒኑ ከ5 ወደ 10 ሚሊ ግራም እንዲያድግ ተጻፈና ወጣን። በመንገድ ላይ እናቴ ቆም ብለው «ስነሣ ዓይኔን ጭልም ያደርገኛል እኮ» አሉኝ። ይህን ለምን ለሐኪሙ እንዳልነገሩት ስጠይቃቸው፣ «እሱ ደህንነቴን ጠየቀኝ እንጂ ሕመሜን መቼ ጠየቀኝ?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኅቴ በእናቴ ፋንታ መመለሷ ስሕተት ነበር? ወይስ እኔ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ? በእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ አረጋዊው፣ አስታማሚውና ባለሙያው የሚግባቡበት መንገድ የምታውቁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጤና መኮንን (መንዝ)፦

እኔም በዚያ ወንበር ላይ የምቀመጥ ሰው ስለሆንሁ ጥፋቱን ከእኛ ልጀምር። «እንዴት ነዎት» በእኛ አገር ሰላምታ ነው፤ ለሰላምታ የሚገባው መልስ ደግሞ ምስጋና ነው። እናትዎ ሥርዓቱን ጠብቀው መለሱ፤ ባለሙያው ግን ምስጋናቸውን እንደ ሕመም ታሪክ ቆጠረው። እኔ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቄ፣ «ትናንት ከተነሡ ጀምሮ እስኪተኙ ምን ሲያደርጉ ዋሉ?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ያቆሙ እናት ለምን እንዳቆሙ መናገር ሲጀምሩ፣ የጉልበቱም የዓይኑም የማዞሩም ነገር በየተራ ይወጣል። ሽማግሌዎች የሚሉትን ቃል በቃሉ ለመረዳትም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ «ልቤን አመመኝ» ያሉ አባት ሆዳቸውን ሊሆን ይችላልና፣ እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ ሳላይ አልጽፍም።

ወደ ውድቀቱ ስመለስ፣ እናትዎን ሳልመረምር የምለው ግምት ብቻ መሆኑን ይያዙልኝ። ቆብ የደፉ እናት በጾመ ነቢያት ቢያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ክኒኑንም የሚውጡት ከዚያ በኋላ፣ ምናልባትም ወደ ማታ ሲጠጋ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያሸና መድኃኒት ነው፤ በተዋጠ በ2 ሰዓት ገደማ መሥራት ጀምሮ ለ12 ሰዓታት ያህል ሊቆይ ስለሚችል በጠዋት እንዲወሰድ የምንመክረው ለዚህ ነው። ማታ ሲወሰድ ሰውዬውን ሌሊት ያስነሣዋል፤ የግፊት መድኃኒትና የጾም ውኃ ጥም ተደምረው ደግሞ ሲነሣ ግፊቱን ድንገት ያወርዱታል። ጠዋት ወደ እኛ ሲመጡ ግን የዕለቱን ክኒን ገና አልወሰዱምና ልኬቱ ከፍ ሊል ይችላል፤ እኛም «መድኃኒቱ አልበቃም» ብለን እንጨምራለን። እኅትዎ «አላቋረጡም» ማለታቸው እውነት ነው፤ በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ክኒኑን በራሳችሁ ሳታቆሙ በቶሎ ተመለሱ። ስትሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጎረቤት የሰጠውንም፣ ከገበያ የተገዛውን ማስታገሻም ጭምር በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ አፍስሱት። ግፊታቸው አምስት ደቂቃ ያህል ተኝተው፣ ከዚያም ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲለካ በትሕትና ጠይቁ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የዓይን መጨለሙ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

ስለ አነጋገሩ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው አረጋዊውን ነው፤ አስታማሚው ቢቸኩልም «ለእርስዎም እመጣለሁ» ብዬ አስቆመዋለሁ። ቀጥሎ አስታማሚውን ወደ መድኃኒት ክፍል ወይም ወደ ካርድ ክፍል ልኬ ሽማግሌውን ብቻቸውን አነጋግራለሁ፤ ሽንት ማምለጡን፣ መውደቁን፣ ለልጆቻቸው ሸክም የሆኑ መስሎ የሚሰማቸውን ኀዘን በልጅ ፊት የሚናገር ወላጅ ጥቂት ነውና። በመጨረሻም «ገባዎት?» ብዬ አልጠይቅም፤ ለዚያ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ ክኒኑን መቼና እንዴት እንደሚወስዱ ምን ብለው ይነግሯታል?» እላለሁ፤ የሚመልሱት ከተሳሳተ ያልገለጥሁት እኔ ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ወጣት ባልደረቦቼ በፍቅር ስሜት አሮጊቶችን «አንቺ» ይሏቸዋል። በመዲናው ያስኬድ ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን የሰማንያ ዓመት እናት አፋቸውን የሚዘጉት ያን ጊዜ ነው።

የአባቱ አስታማሚ (ሸዋ ሮቢት)፦

የጤና መኮንኑን ወንድማችንን ቃል አከብራለሁ፤ አስታማሚን ከክፍሉ ማስወጣት በሚለው ግን አልስማማም፤ ቢያንስ ለሁሉም ሰው አይሠራም። አባቴ ጆሯቸው ይከብዳል፤ ብቻቸውን ሲቀሩ ላልሰሙት ጥያቄ ሁሉ ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቃሉ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ የደረሰብንን ልንገራችሁ። አባቴ በሁለት ቀን ውስጥ ተለወጡ፤ ቀን ሲያንቀላፉ ይውላሉ፣ ማታ ከሞቱ ወንድማቸው ጋር ያወራሉ፣ እህልም ዘጉ። አገራችን ቆላ ነውና መጀመሪያ የታሰበው ወባ ነበር፤ ደማቸው ታየና የለም ተባለ፤ ትኩሳትም የላቸውም። ያን ጊዜ የመረመራቸው ባለሙያ «እርጅና ነው፣ ጃጅተዋል» ብሎ ሊሸኘን ተነሣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ከትናንት ወዲያ የአህያ ዋጋ ሲከራከሩ የነበሩ ሰው በሁለት ቀን አይጃጁም» አልሁት። ሌላ ባለሙያ ተጠርታ ደረታቸውን አዳመጠች፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። በኋላ እንዳስረዳችን፣ የአረጋዊ ሰውነት ኢንፌክሽን ሲይዘው ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ድንገተኛ መቀባጠር ሊሆን ይችላል። መጃጀት በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነው። ልዩነቱን ሊናገር የሚችለው ደግሞ አብሮ የሚኖር ሰው ብቻ ነው፤ ባለሙያው የትናንቱን ሰው አያውቀውምና።

ስለ ጆሮም ልበል፤ ሁላችንም የምንሠራው ስሕተት መጮኽ ነው። በእርጅና አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ፣ ስንጮኽ ድምፃችን ይቀጥናል፣ ቃሉም ይበላሻል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከንፈርን ሳይሸፍኑ፣ ወፈር ባለ ድምፅ ቀስ ብሎ መናገር ይሻላል። የአባቴ አንደኛው ጆሮ ግን የተደፈነው በኩክ ብቻ ነበር፤ ሲታጠብላቸው ግማሹ ችግር ቀለለ። ለስንት ዓመት «ግትር ሆኑ» ስንላቸው እንደኖርን ሳስብ አፍራለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ (አንጎለላና ጠራ)፦

እኔ ባጭሩ። ጤና ጣቢያው የሚያየው ከቤት የመጣውን ሰው ነው፤ ቤቱን አያይም። እኛ የምናየው ቤቱን ነው። መርሐ ግብራችን በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ትኩረቱ እናቶችና ሕፃናት፣ ተላላፊ በሽታና የአካባቢ ንጽሕና ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር በየቤቱ ስንገባ ከምድጃው ጥግ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡትን አያት ሰላም ብለን ወደ ሕፃኑ እናልፋለን። ጠይቁን፤ «እናቴንም እይልኝ» በሉን።

እኔ አሁን የማደርገው የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና ባለሙያዎች ካዘጋጀው የአረጋውያን መመሪያ የተወሰደ ነው፤ ማስታወስን፣ መንቀሳቀስን፣ አመጋገብን፣ ማየትን፣ መስማትንና የስሜትን ሁኔታ ይዳስሳል። ለምሳሌ በእጃቸው ሳይደገፉ ከወንበር አምስት ጊዜ ተነሥተው በ14 ሴኮንድ ውስጥ መቀመጥ መቻላቸውን አያለሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ መቀነሳቸውንም እጠይቃለሁ። ሚዛን በሌለበት ቤት መቀነቱ ስንት ዙር እንደጨመረ ይነግረኛል። ያየሁትን በሁለት መስመር ጽፌ ለአስታማሚው እሰጣለሁ፤ በጤና ጣቢያ የሚነበበው ያ ወረቀት ነው። ለእርስዎ እናት ደግሞ ዛሬ ማታውኑ ፖፖ አልጋቸው ሥር ይቀመጥላቸው።

ቀሲስ (ደብረ ሲና)፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ አንድ ሰው እንደጎደለ ተሰማኝ፤ የንስሐ አባታቸው። ቤተ ክርስቲያን በሕመምና በእርጅና የደከመውን ከጾም ታሳርፋለች፤ ይህን ግን እማሆይ ከልጃቸው አፍ አይቀበሉም፤ ከሐኪሙም አይቀበሉም፤ «ጹሜን ሊያስገድፈኝ» ይላሉ። እኔ ራሴ ክኒናቸውን በሻሽ ጫፍ ቋጥረው እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚያቆዩ እናቶች አሉኝ። ሐኪሙ «አይጹሙ» ብሎ ከሚያዝዝ፣ ስለ ሰዓቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ቢልካቸው ወይም በልጃቸው በኩል ቃሉን ቢያስተላልፍ ነገሩ ያለ ጠብ ያልቃል። ጠበልም የሚጠጡ ከሆነ አትደብቁት፤ ሐኪሙም አይሣቅባቸው። ጠበሉን ሲጀምሩ ክኒኑን የሚጥሉት «ሁለቱ አይስማሙም» ያላቸው ሰው ስላለ ነው።

የባሶና ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያው ቅዳሜ የንስሐ አባታቸውን ቤታችን ጠርተን ቡና ተፈላ፤ አባ ነገሩን ሰምተው ክኒኑን በጠዋት በውኃ እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው፤ ውኃውንም «ሙሉ ብርጭቆ» ብለው አዘዙ። እናቴ ለእኔ ቢሆን ሦስት ቀን ይከራከሩኝ ነበር።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ጤና ጣቢያው ይዣቸው ሄድሁ። ወጣቱ ባለሙያ ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወንበሩን ወደ እናቴ አቀረበ። በውስጡ ጎረቤት ለቁርጥማት ብላ የሰጠቻቸው ዲክሎፌናክም ተገኘ፤ ለካ ይህም ግፊት የሚጨምር ነው። ተኝተው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር 148 ነበር፤ ሲቆሙ 122 ሆነ። አምሎዲፒኑን ወደ 5 መለሰው፣ ዲክሎፌናኩን አስቀረው፣ በሁለት ሳምንት እንዲመለሱም ቀጠረን። ከዚያም እኅቴን ወደ ካርድ ክፍል ላካት፤ እኔም ምክንያት ፈጥሬ ወጣሁ። እናቴ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም፤ ብቻ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ።

የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ያሉትም በሐሳቤ አለ፤ እኅቴ አሁን በልጇ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ የእናቴን ሌሊት ትመዘግባለች፤ ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ ምን እንደበሉ። ትናንት ደብተሩን ሳገላብጥ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ እናቴ በተነሡበት ሌሊት ሁሉ እኅቴም መነሣቷን ነው። መመዝገብ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ነው። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኋት። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። በሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ለእሷም ካርድ አወጣላታለሁ።