ሐምሌት ሌርቲስን ይቅርታ ሲጠይቅ እየዋሸ ነው?

ሰይፈኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የመጣሁት።

የሼክስፒርን ሐምሌት ልንሠራ ልምምድ ላይ ነን። እኔ ሌርቲስን ነኝ የምጫወተው። አምስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል። የአባቱን መገደል ሰምቶ ከፈረንሳይ ሲመለስ፣ ሕዝብ አስከትሎ የቤተ መንግሥቱን በር ሰብሮ የሚገባበት አለ። መቃብር ውስጥ ከሐምሌት ጋር የሚተናነቅበት አለ። የሰይፉ ግጥሚያ አለ። እነዚህ ሁሉ ገብተውኛል። የምሰናከለው አንዲት ቦታ ላይ ነው። ያውም አፌን ዘግቼ ዝም ብዬ የምቆምበት ቦታ።

አምስተኛው ገቢር፣ የመጨረሻው ትዕይንት። ግጥሚያው ሊጀመር ነው። ንጉሡ ክላውዲየስ እጄን ይይዝና ሐምሌት እጅ ውስጥ ያስገባዋል። ሐምሌትም እጄን እንደያዘ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ይህ ሰው አባቴን ገድሏል። እህቴ አብዳ ውኃ በልቷታል። የሚለኝን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። የበደለህ ሐምሌት አይደለም፣ ሐምሌት ከራሱ በተለየ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። የበደለህ እብደቱ ነው። እሱም ራሱ ከተበደሉት ወገን ነው፣ እብደቱ የምስኪኑ ሐምሌት ጠላት ነውና። ይኸው ነው።

ያው ሰው ግን ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ የአባቴ ሬሳ እዚያው ወለሉ ላይ ተዘርሮ ሳለ፣ ለእናቱ ሌላ ነገር ነግሯታል። የልቤ ምት እንዳንቺው የተስተካከለ ነው፣ አላበድኩም፣ እብደቴ ብልሃት ነው ብሏታል። ከመነሻውም የአባቱን መንፈስ ባየባት ሌሊት ጓደኛውን ሆሬሾንና ዘበኛውን ማርሴለስን አስምሏቸዋል። እንደ እብድ ብሆን እንኳ የምታውቁት ነገር ያለ አይምሰል፣ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ሚስጥር እንዳለ እንዳታስነቁ ብሎ።

ታዲያ የቱን ልመን? ሌርቲስ ይህን ሁሉ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። እጄ እጁ ውስጥ ሆኖ ያንን ስሰማ ፊቴ ይቀያየራል። አዘጋጃችን ትናንት አቆመኝና «ፊትህ ላይ ያለው የሌርቲስ ንዴት አይደለም፣ የአንባቢ ንዴት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እባካችሁ፣ የሠራችሁትም ያነበባችሁትም፣ ምን ትላላችሁ? እየዋሸኝ ነው? ወይስ እብድ መስሎ ሲኖር ሲኖር የምር ለይቶለት ነበር?


ሁለተኛ ደወል፦

ወንድሜ፣ ዋሽቶሃል። እኔ ጥርጣሬ የለኝም።

አነጋገሩን ተከታተል። ከአባትህ ከፖሎኒየስ ጋር፣ ከጓደኞቹ ከእነ ሮዘንክራንትዝ ጋር እብድ ሆኖ ሲቀባጥር ንግግሩ ግጥም አይደለም፣ ዝርው ነው። ሰዎቹ ወጥተው ብቻውን ሲቀር ግጥሙ ተመልሶ ይመጣል። እንደ ልብስ ያወልቀዋል፣ ይለብሰዋል። ለእነዚያ ለሁለቱ ጓደኞቹማ በግልጽ ነግሯቸዋል። የማብደው ነፋሱ ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ብቻ ነው፣ ከደቡብ ሲነፍስ ጭልፊትን ከመጋዝ እለያለሁ ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ይበል?

ክላውዲየስም አልተሸወደም። ከእህትህ ከኦፊሊያ ጋር ሲነጋገር ተደብቆ ካዳመጠው በኋላ፣ ንግግሩ ቅርጽ ይጉደለው እንጂ የእብድ ንግግር አይደለም ብሎ ወዲያው ወደ እንግሊዝ ሊሰደው ወሰነ። የሐምሌትን አባት፣ የገዛ ወንድሙን፣ ተኝቶ ሳለ በጆሮው መርዝ ጨምሮ ገድሎ፣ እባብ ነደፈው ብሎ ያስወራ ሰው ነው። የሚያስመስልን ሰው አይቶ ያውቃል።

ግን ለአንተም አንድ ነገር ልበልህ። እጅህን ሰጥተህ ይቅርታውን ስትሰማ አንተስ ምን ይዘሃል? የአንተ ሰይፍ ጫፉ ሳይደነዝዝ ሊቀርብልህ ከንጉሡ ጋር ተስማምተሃል። መርዙን ከመንገድ መድኃኒት ሻጭ የገዛኸው አንተ ራስህ ነህ፣ ክላውዲየስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ባገኘው አንገቱን እቆርጠዋለሁ ብለሃል። እሱ ይቅርታ ሲጠይቅህ ደግሞ ፍቅርህን እንደ ፍቅር እቀበላለሁ፣ አልበድለውም ትለዋለህ። ሁለት ውሸታሞች እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ቆማችኋል። እኔ ብሆን ዐይኑን ሸሽቼ ነው የምጫወተው። ንዴቱን ተወው፣ ጭንቀቱን ያዝ። ቆየት ብሎ ሌርቲስ ለብቻው፣ ይህን ማድረግ ከህሊናዬ ጋር ሊያጣላኝ ምንም አልቀረው የሚላት ንግግር አለች። የዚያች ዘር እዚህ መዘራት አለበት።


ፀዳል፦

እኔ ኦፊሊያን ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከሁለታችሁም የምለየው ይቅርታውን የምሰማው ሞቼ ስለሆነ ነው። ከመድረኩ ጎን ጨለማው ውስጥ ቆሜ በየምሽቱ እሰማው ነበር። በየምሽቱም አንድ ነገር ያመኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ እኔ የለሁም። ስሜ የለም፣ እህትህ የምትል ቃል እንኳ የለችም።

ሐምሌት አብዷል አላበደም የሚለውን ክርክር ሰው ይወደዋል። ሁለተኛ ደወል ያልከውን አከብራለሁ፣ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ መንፈሱን ዘበኞቹም ሆሬሾም አይተውታል። በእናቱ ክፍል ሲመጣ ግን የሚያየው ሐምሌት ብቻ ነው። ገርትሩድ የምታየው ልጇ ባዶ አየር ላይ አፍጥጦ ሲያወራ ነው። እብደቴ ብልሃት ነው ያላት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት እኔ እናቱን ብሆን አላምነውም።

ደግሞ ወደ ክፍሌ የመጣበትን አስቡ። መድረክ ላይ አይታይም፣ ለአባቴ የምነግረው እኔ ነኝ። ደረቱ ተከፍቶ፣ ቆብ ሳያደርግ፣ ካልሲው ቆሽሾ እግሩ ላይ ተንሸራቶ ገባ። አንጓዬን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ክንዱን ዘርግቶ ራቅ ብሎ ፊቴን ሊስለው እንደፈለገ ሰው ለረጅም ጊዜ አየኝ። አንዲት ቃል አልተናገረም። ከዚያ አካሉ የተሰበረ እስኪመስል ተነፈሰና ለቀቀኝ። አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ መንገዱን ሳያይ፣ በሩን አግኝቶ ወጣ። ይህ ማስመሰል ከሆነ ለማን ነው የሚያስመስለው? እኔ ምን አደረግሁት? እውነት ከሆነ ደግሞ የምሰናበተው ሰው መሆኑ ነው። ይህን ስናገር የቱ እንደሆነ አንድም ቀን ቆርጬ አላውቅም። ኦፊሊያም አታውቅም። እብድ መምሰል የሚባል ነገር እንዳለ ማንም አልነገራትም። እሷ ያበደችው የምር ነው።

አሁን ለአንተ የሚጠቅምህን ልንገርህ። የአበባው ትዕይንት ላይ ድርሰቱ የቱ አበባ ለማን እንደሚሰጥ አይናገርም። ሮዝመሪው የማስታወሻ ነው ትላለች፣ ፓንሲው የሐሳብ ነው። ጤና አዳሙን ለአንዱ ሰጥታ ለራሷም ታስቀራለች። ቫዮሌት ልትሰጥ ፈልጋ፣ አባቴ ሲሞት ሁሉም ጠወለጉ ትላለች። በእኛ ዝግጅት አበባ አልነበረም። ባዶ እጄን ነበር የምዘረጋው። ሮዝመሪውን ለሌርቲስ እሰጠዋለሁ፣ ማለትም ምንም አልሰጠውም። የእኛው ሌርቲስ ያንን ምንም ተቀብሎ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ይከድን ነበር። እስካሁን ይታየኛል።


ብራና፦

ጥያቄህ የጽሑፉም ችግር ነው። አዘጋጃችሁ የትኛውን እትም እንደያዘ ጠይቀኸዋል?

ሐምሌት በ1603 የወጣች አጭር እትም አለችው፣ በ1604 እና 1605 የወጣ ረጅም አለው፣ የ1623ቱ ትልቅ ጥራዝም አለ። በረጅሙ እትም ከግጥሚያው በፊት አንድ ባለሟል ይመጣና ንግሥቲቱ ሌርቲስን በመልካም ቃል እንድታነጋግረው ትፈልጋለች ይለዋል። ሐምሌትም ምክሯ መልካም ነው ይላል። ማለትም ይቅርታው የእናቱ ትእዛዝ ነው። በ1623ቱ ያ ባለሟል የለም። በምትኩ ሐምሌት ራሱ ለሆሬሾ፣ በሌርቲስ ላይ ራሴን በመርሳቴ እጸጸታለሁ፣ በእኔ ጉዳይ ውስጥ የእሱን መልክ አያለሁ ይለዋል። ይህ ደግሞ በፊተኛው የለም። አሁን ብዙዎቹ መጻሕፍት ሁለቱንም ስለሚቀላቅሉ ልዩነቱ ይሸፈናል። አንዱ ይቅርታ የታዘዘ ነው፣ ሌላው ከልብ የመጣ። ቃላቱ ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ብቻ መጨረሻው ላይ፣ ቀስቴን ከቤቱ በላይ ወርውሬ ወንድሜን አቆሰልኩ በሚለው ቦታ የ1623ቱ «ወንድሜን» ሳይሆን «እናቴን» ይላል። የአታሚ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በጣም እወዳታለሁ።

ስለ ማስመሰሉ ደግሞ፣ በ1200 ገደማ ሳክሶ ግራማቲከስ በላቲን የጻፈው የዴንማርክ ታሪክ ውስጥ ይኸው ልጅ አምሌት ይባላል። እዚያ አጎቱ አባቱን መግደሉን አገር ያውቃል። ልጁ ቂል ካልመሰለ ይገደላል። ምድጃ ዳር ተቀምጦ እንጨት እየጠረበ በእሳት ያጠነክራል፣ ጫፉን መንጠቆ ያደርገዋል። ምን ትሠራለህ ሲሉት የአባቴን ደም የምመልስበት ነው ይላል። እነሱ ይስቃሉ። በኋላ ያንኑ መንጠቆ ይዞ፣ ሰክረው በተኙት ባለሟሎች ላይ የአዳራሹን መጋረጃ አጥብቆ ያስርበትና እሳት ይለቅባቸዋል። እዚያ እብደቱ ሥራ አለው።

ሼክስፒር ግድያውን ምስጢር አደረገው። ክላውዲየስ ልጁን የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። እንዲጠረጥር ያደረገው እብደቱ ራሱ ነው። መሸሸጊያ የነበረው ማጋለጫ ሆነ። ለዚህ ነው ምን እንደሚሠራለት ሐምሌት ራሱ በግልጽ የማይነግረን። እኔ እንደማየው፣ ውሸት ነው እውነት ነው የሚለው ጥያቄ የተፈጠረው ያቺ ምክንያት ስትወጣ ነው።


ሰይፈኛው፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን የጠፋሁት ልምምድ ላይ ሆኜ ነው።

አዘጋጁን ጠየቅሁት። የያዝነው የ1623ቱን ነው። ስለዚህ የእኛ ሐምሌት ተጸጽቶ ነው የሚመጣው። ሐምሌትን ለሚጫወተው ልጅ ብራና የጻፈውን አነበብኩለት። እስከዚያ ድረስ ንግግሩን ለአዳራሹ ነበር የሚናገረው፣ ከዚያ በኋላ ግን ለእኔ ሆነ። ድምፁም ወረደ። ሁለተኛ ደወል፣ ዐይኑን መሸሽ ያልከው ሠርቷል። ስሸሸው እሱ ይበልጥ ይጠጋኛል።

ፀዳል፣ ያንቺ ነገር ግን ሌላ ቦታ ወሰደኝ። እህቴ በይቅርታው ውስጥ የለችም ስትዪ ተናደድኩለት፣ ቀጥዬ የራሴን ቃል ማየት ጀመርኩ። ሌርቲስ በራሱ መርዝ ቆስሎ ሲሞት የምር ይቅርታ የሚለዋወጥበት ቦታ አለ። እንደሚያስፈልግ ስለማውቅ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በቃሌ ይዤዋለሁ። የእኔና የአባቴ ሞት ባንተ ላይ አይሁን፣ ያንተም በእኔ ላይ አይሁን ይላል። የእኔና የአባቴ። አምስት ሳምንት ሙሉ ስለዋ ስል ኖሬ አልታየኝም ነበር። በሬሳዋ ላይ ጮኬ መቃብሯ ውስጥ ዘልዬ የገባሁት እኔ፣ ስሞት አልጠራኋትም።

ቃል መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ሞከርን። በአበባው ትዕይንት ኦፊሊያ ባዶ እጇን ስትዘረጋልኝ በቀኝ እጄ ተቀብዬ ጨበጥኩት። ከዚያ ወዲያ ያንን እጅ አልከፈትኩትም። ከክላውዲየስ ጋር ስለ መርዙ ስንማከርም ጭብጥ ነው፣ መቃብሩም ላይ። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ንጉሡ እጄን ለሐምሌት ሊሰጥ ሲመጣ ቀኜን ፈለገ። ግራዬን ሰጠሁት።

አዘጋጁ አላስቆመንም። ሰይፉን የምይዘው ግን በቀኝ ነው፣ እና ለመያዝ ጣቶቼን መክፈት ነበረብኝ። ነገ ደግመን እናየዋለን።