የጦስኝ ሻይ የልጅን የጉሮሮ ባክቴሪያ ያጠፋል?

እናት፣ ከአዘዞ
የሰባት ዓመት ልጄን ጉሮሮው ደጋግሞ ያመዋል። አማቴ ከደባርቅ የሚመጣውን ጦስኝ ከነጭ ሽንኩርት ጋር አፍልተው፣ ማር ጨምረው ያጠጡታል። እነዚህ ዕፅዋት ባክቴሪያ እንደሚገድሉ በቤተ ሙከራ መታየቱን ሰምቻለሁ፤ ታዲያ በጤና ጣቢያ የሚታዘዘውን መድኃኒት ሊተኩ ይችላሉ? እንጥሉን እናስቆርጠው የሚሉ ዘመዶችም አላሳርፍ ብለውኛል።

ፋርማሲስት፣ ጎንደር
እህቴ፣ የሰሙት እውነት ነው። ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውሕዶች ያሉት ሲሆን፣ ሁለቱም የባክቴሪያውን ሽፋን አፍርሰው ይገድሉታል። በነጭ ሽንኩርቱ ውስጥ ያለው አሊሲን የተባለ ውሕድም ባክቴሪያን ያጠቃል፤ ሆኖም ሙቀት ስለሚያበላሸው ሽንኩርቱ ከፈላ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዋናው ጉዳይ መጠኑ ነው፦ በቤተ ሙከራ የሚፈተነው ብዙውን ጊዜ በአልኮል የወጣ ጭማቂ ወይም የተነጠረ ዘይት ሲሆን፣ ባክቴሪያው በሚራባበት ሳህን ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ሻዩ ግን ቀጭን ነው፤ ጉሮሮንም ነክቶ ወዲያው ይወርዳል። ታዲያ ይበርታ ብሎ የተነጠረውን ዘይት ለልጅ ማጠጣት አደገኛ ነው፤ ይህን የሚመክሩ ነጋዴዎች አሉና ይጠንቀቁ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ
ሻዩ የሚመሰገንበት ሌላም ምክንያት አለ። አብዛኛው የልጆች የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ፣ ምንም ባይጠጣበትም በሳምንት ውስጥ ይለቃል። የሚያሰጋው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ያጠቃል። ጉሮሮው ከተሻለው ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት (መገጣጠሚያንና ልብን የሚያስቆጣ ሕመም) ሊያስከትልና የልብ ቫልቭን ሊያበላሽ ይችላል፤ ሻዩ ሕመሙን ቢያስታግስም ይህን አያስቀርም። ይህ ባክቴሪያ ለፔኒሲሊን እስካሁን እጁን እየሰጠ ነው፤ ሕክምናውም አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚወሰድ አሞክሲሲሊን ነው። ልጅዎ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ካተኮሰው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየ፣ የአንገቱም ንፍፊት ካበጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ይውሰዱት። እንጥል ማስቆረጡን በፍጹም እንዳይሞክሩት፤ የሕመሙ ምንጭ እንጥሉ አይደለም፣ ቁስሉ ግን ደም ሊያፈስና ሊመረቅዝ ይችላል።

እናት፣ ከአዘዞ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለስምንት ወር ታናሹስ ማሩ ይፈቀዳል?

የሕፃናት ክፍል ነርስ
አይፈቀድም። በማር ውስጥ የቦቱሊዝም (ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ) ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ስለሚችልና በቤት ማፍላት ስለማይጠፋ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው በምንም መልኩ እንዳይሰጡት፤ ለታላቁ ግን ሳሉን ያለዝብለታል።