ሊፈርስ ያለ አሮጌ ቤት በስልክ እንዴት ላንሳ?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሂርማታ ሰፈር ያለው የአያቴ ቤት ከክረምቱ በኋላ ሊፈርስ ነው። ወራሾቹ ተስማምተው ጨርሰዋል፣ እኔ የማስቆም አቅም የለኝም። ጣልያን ጊዜ የተሠራ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት ሰፊ የእንጨት በረንዳ አለው፤ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ደግሞ ጥልፍ የመሰለ የተቀረጸ ጣውላ ዞሮታል። ደረጃው ጋ ያለችው ቋሚ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ስለሚይዛት፣ እጅ የሚያርፍባት ቦታ ብቻ ቀልታ ታበራለች፣ ሌላው ግራጫ ነው። እሷን እንኳ በፎቶ ላስቀር ብዬ ነው።

ትናንት ሞከርኩ። ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ክፍሎቹ ጨለማ፣ መስኮቱ ነጭ ብቻ። ካሜራ ልከራይ ወይስ በስልክ ይሆናል?

ፎቶ አንሺው፦
ይሆናል፣ ገንዘብህን አታውጣ። ቤቱ የተዘናበለው ስልኩን ወደ ላይ ስላቀናኸው ነው። ስልኩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ከሆነ ቋሚዎቹም ቀጥ ይላሉ። ካሜራው ላይ ግሪዱን (ስክሪኑን በመስመር የሚከፋፍለውን) አብራና በመስመሮቹ አስተካክል። ክዳኑ ከተቆረጠብህ ስልኩን አታቅና፣ ራቅ በል፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ከፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት ለምነህ ከፎቁ ላይ አንሳ።

ለክፍሎቹ ኤችዲአር (ጨለማውንና ብርሃኑን የሚያመጣጥነውን የካሜራ ቅንብር) አብራ፣ ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፈህ በሰዓት ቆጣሪ አንሳ፣ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ። ፀሐይ መስኮቱን የማትመታበትን ሰዓት ምረጥ። የጅማ ደመና ለሙሉ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ጥላ አያበዛም። የተቀረጸውን ጣውላ ግን ፀሐይ ከጎን ስትመታው አንሳው፣ ያኔ ነው ቅርጹ የሚወጣው። ልምምድ ከፈለግህ ጅሬን ውጣና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አንሳ። የእንጨት ሰገነቱ ላይ ትንሽ ብታዘነብል ወዲያው ይታወቅብሃል።

አናጺ ከጅማ፦
ወንድሜ፣ እሱ ያለህ ልክ ነው፣ ግን ከፊት ለፊት ብቻ አንስተህ እንዳትሄድ። አንድ ጊዜ የበረንዳ አጥር እንደ ድሮው አድርገህ ሥራልን ተባልኩ። የሰጡኝ ፎቶ የሠርግ ነበር። ሚዜዎቹ አጥሩ ፊት ተደርድረው ቆመዋል፣ በእግሮቻቸው መሃል በሚታየው ብቻ ነው የገመትኩት፣ እስከዛሬ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስለዚህ የአንተን ጣውላ በቅርብ፣ ፊት ለፊት፣ ሜትር አጠገቡ ዘርግተህ አንሳው። ቋሚው ከወራጁ ጋር የተጋጠመበትን አንሳ፣ በምስማር ነው ወይስ በተሰረሰረ ቀዳዳ ውስጥ በገባ የእንጨት ችንካር? ማዕዘኖቹን፣ የቋሚዎቹን እግር፣ ምስጥ የበላውን ሁሉ። ጭቃው የረገፈበት ቦታ ካለ እንዳታልፈው፤ ማገሩ፣ ጭዱ፣ አሠራሩ በሙሉ እዚያ ነው የሚታየው።

አፍርሶ መሥራቱ የቀረ እንደሆነም አንድ ነገር ንገርልኝ፦ ጭቃውን በሲሚንቶ እንዳይለስኑት። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፣ በዚህ ዝናብ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ውጭው አምሮ ውስጡ ያለቀ ቤት ስንቱን አይቻለሁ።

ሚስጥረ ቡና፦
ፊልተር እንዳትጠቀም በናትህ። ቀለሙ ራሱ መረጃ ነው። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትልክ ደግሞ እንደ ፋይል ላክ፣ እንደ ፎቶ ከላክህ ይጨመቃሉ። ሌላው፣ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደህ ቤቱ ተመዝግቦ እንደሆነ ሳይፈርስ ጠይቅ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የግል ቤትንም ይመለከታል፣ የባለቤት ፈቃድ ብቻ የማይበቃበት ጊዜ አለ።

የሂርማታ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እዚያ ዋልኩ። ሜትሩን የያዘልኝ አጎቴ ነው፣ ለማፍረስ የፈረመው እሱ ራሱ። ጣውላው 18 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ቅርጹ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ይደጋገማል። በረንዳው ጫፍ ላይ ግን አንዱ ቁራጭ ይለያል፣ በእጅ የተተካ ነው። ማን እንደተካው ስጠይቅ አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና «አባቴ ነው፣ እኔ መጋዙን ይዤለት ነበር» አለኝ። ቢሮው ሰኞ አብረን እንሄዳለን።