ተተኪ ነው ወይስ ተጨማሪ? የጉበት ደም ቅዳ ግራ አጋብቶኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የሕክምና ተማሪ ነኝ። አናቶሚ ላይ ሆድ ዕቃ ደርሰናል። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ከጋዋኑ ሥር ሹራብ ደርቤም ጣቴ ይደነዝዛል። ለስህተቴ ግን ብርዱን አላሳብብም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ከሲሊያክ ትራንክ (ከአኦርታ የሚወጣ አጭር ግንድ) የሚመጣው ሄፓቲክ አርተሪ (የጉበት ደም ቅዳ) ቀኝና ግራ ተከፍሎ ጉበት ይገባል። የእኛ ካዳቨር (የምንማርበት አስከሬን) ግን ከሱፒሪየር ሜሴንቴሪክ (ለአንጀት ደም ከሚያደርሰው ደም ቅዳ) የተነሳ ወፍራም ቧንቧ አለው። ከፖርታል ቬይን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም ከሚወስደው ደም መልስ) ኋላ አልፎ፣ ከሐሞት ቱቦው በስተቀኝ ወደ ቀኝ ጉበት ይወጣል። በጣት ሲዳሰስ ልክ እንደ ሲባጎ ነው። ግራው በቦታው አለ።

አናቶሚስቱ ሚሸልስ በ1966 እ.ኤ.አ. ከዘረዘራቸው 10 የጉበት ደም ቅዳ ዓይነቶች 3ኛው ነው፣ ማለትም የተለመደውን ቀኝ ቅርንጫፍ የተካ ነው ብዬ ጻፍኩ። ለካ ከዋናው ሄፓቲክም ወደ ቀኝ የሚሄድ፣ እንደ ክር የቀጠነ ቅርንጫፍ ነበር። ስቡን ሳጸዳ መድረሻውን ሳላይ በመቀስ ቆረጥኩት። ቀኝ ጉበት የሚገባ ከነበረ ወፍራሙ ተጨማሪ ነው፤ ዓይነቱም 6ኛው ይሆናል። ለ4ኛው የጉበት ክፍል ወይም ለሐሞት ከረጢት ብቻ ከነበረ ግን ወፍራሙ ተተኪ ነው፤ 3ኛው ይጸናል።

የቆረጥኩትን ቅርንጫፍ ሁለተኛ ጫፍ በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫ) ስፈልግ ዋልኩ፤ ስቡ ውስጥ ጠፋ። ጓደኞቼ «ወፍራሙን አይተህ ወስን» ይሉኛል። እኔን ግን ውፍረት ብቻውን አላሳመነኝም።

ጉበቱን ሳልቆራርጥ ያንን የጠፋ ጫፍ ለማግኘት ከየት ብጀምር ይሻላል፦ ከሐሞት ከረጢቱ አንገት ወደ ኋላ ወይስ ከጉበቱ በር ወደ ታች?