ለተባባሪ ዲንነት ልወዳደር ወይስ ይቅርብኝ?

የገራዶዋ (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? ሳላንዛዛ ልግባበት። የማስተምረው ወሎ ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ይለፈኝ፣ እዚህ ሁሉም ይተዋወቃል። ፒኤችዲዬን ጨርሼ ተመልሻለሁ፣ ማዕረጌም ረዳት ፕሮፌሰር ሆኗል። ሰሞኑን ኮሌጃችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ተባባሪ ዲን ለመመደብ የውድድር ማስታወቂያ አወጣ። ዲኑ ቢሮው ጠርቶኝ "ተወዳደሪ እንጂ፣ ሴት አመራር እኮ የለንም" አለኝ። አነጋገሩ ትንሽ ደብሮኛል፣ ግን እሱን እንተወው።

ወደ አመራር መሄድ እፈልጋለሁ፣ አልዋሽም። ዛሬ ተባባሪ ዲን፣ ነገ ዲን፣ ከዚያም ምክትል ፕሬዚዳንት። ማለም አይከለከልም። በሌላ በኩል ደግሞ ከመመረቂያ ጽሑፌ መውጣት ያለባቸው የጆርናል ጽሑፎች አሉኝ፤ አንዱ ተልኮ ሪቪው ላይ ነው፣ የቀሩት ላፕቶፔ ውስጥ ተኝተዋል። ልጆቼ ትንንሽ ናቸው። እናቴ "ሹመት ደጋግሞ አይመጣም፣ እምቢ እንዳትዪ" ትለኛለች። ባለቤቴ ዝም ብሏል፤ የባል ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

እና ይህ ቦታ እውነት ወደ ዲንነት ያደርሳል ወይስ ሰው ተቀብሮ የሚቀርበት ነው? ማስታወቂያው ላይ ያለውን የሥራ ዝርዝር አንብቤዋለሁ፤ እኔ የምፈልገው የዕለት ውሎውን ነው። የሠራችሁበት ንገሩኝ።

ቦርከና

አብሽሪ እህቴ። እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፣ አሁን ወርጄ በሰላም አስተምራለሁ።

ውሎውን ጠየቅሽ አይደል? የአድ ኤንድ ድሮፕ፣ ተማሪ ኮርስ የሚጨምርበትንና የሚጥልበትን ሳምንት ልንገርሽ። ጠዋት ቢሮሽን ሳትከፍቺ ኮሪደሩ ላይ ሰልፍ አለ። ሁሉም ወረቀት ይዟል። የመጀመሪያው ልጅ ግሬድ ሪፖርቱ ላይ ኤንጂ (ግሬድ አልገባም ማለት ነው) ተቀምጦበታል። ፈተናውን ተፈትኗል፣ መምህሩ ግን ግሬዱን ሳያስገባ ለትምህርት ውጭ ሄዷል። ያ ኮርስ ደግሞ ለቀጣዩ ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ ልጁ መመዝገብ አይችልም፣ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋ ትደውያለሽ፣ "እኔም አጥቼዋለሁ" ይልሻል። መምህሩን በቴሌግራም ትፈልጊዋለሽ፣ ያየዋል፣ አይመልስም። የፈተና ወረቀቶቹ የት አሉ? መምህሩ ቢሮ። ቁልፉስ? ከመምህሩ ጋር ባሕር ተሻግሯል። አንቺ ይህን ስትፈቺ ቀጣዩ ልጅ የሕክምና ማስረጃ ይዞ ለሪአድሚሽን፣ ተመልሶ ለመግባት ቆሟል፣ ከሱ ኋላ ያለችው ደግሞ ኤፍ ሰጡኝ ብላ እንባዋ ቅርር ብሏል። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሻይ አልጠጣሽም።

ሥራው ይኸው ነው። የተጋጨ የክፍል ፕሮግራም ማስተካከል፣ የፈተና ተቆጣጣሪ መመደብ፣ የሎድ (የመምህሩ የማስተማር ጫና) ቅጽ ማጣራት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለምን ዘገየ የሚል መምህር ማብረድ። የአካዳሚክ ኮሚሽን ስብሰባ ሲኖር እኛ ጋ ቃለ ጉባኤ ያዡ ተባባሪ ዲኑ ነበር። ፊርማው ግን የዲኑ ነው፣ በጀቱም የዲኑ ነው። ስድብ ስድቡ ላንቺ፣ ማኅተሙ ለሱ።

ግን አልጠላሁትም፣ እውነቱን ለመናገር። ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሚሠራ ያወቅኩት እዚያ ነው። ዓመታት አስተምሬ የሴኔት ሕጉን፣ የዩኒቨርሲቲውን መተዳደሪያ፣ ገልጬው አላውቅም ነበር።

ተጠራጣሪው

የገራዶዋ፣ በከንቱ አትድከሚ። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ሰውየው ታውቋል። ዲኑ ጠርቶሽ ከሆነ ወይ ሰውዬዋ አንቺ ነሽ፣ ወይ ደግሞ ለአሸናፊው አጃቢ ተፈልገሻል፤ "ሴትም ተወዳድራ ነበር" ብሎ ሪፖርት ለመጻፍ። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ነባሩ መምህር

ተጠራጣሪው ያለው የትም የለም ብዬ አልከራከርም፣ ግን ስንቱን ወጣት እቤቱ ያስቀረው ይኸው ወሬ ነው። ውድድሩ ይደረጋል፣ ዕቅድሽን ታቀርቢያለሽ፣ ኮሚቴ ነጥብ ይሰጣል፣ ሹመቱን የሚያጸድቀው የበላይ ነው። ብትወድቂም ኮሌጁ በሙሉ ምን እንደምታስቢ ሰምቶ ይወጣል። ለቀጣዩ ዙር ይህ ስንቅ ነው።

አሁን ልጄ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ላፕቶፕሽ ውስጥ የተኙት ጽሑፎች። ከረዳት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚያሻግርሽ የአገልግሎት ዓመት ብቻ አይደለም፣ ኅትመት ነው። ወንበሩ ደግሞ ኅትመትን ይበላል። ተባባሪ ዲን ሆነው፣ ከዚያ ዲን ሆነው፣ ሲወርዱ በዚያው በረዳት ፕሮፌሰርነታቸው የቀሩ ስንቶቹን አውቃለሁ። ሹመት ይወርዳል፣ ማዕረግ ግን አይወርድም። በኋላ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስትወዳደሪ ያው ማዕረግሽ ይታያል። እንደ እኔ እንደ እኔ ቢያንስ ሁለቱን ጽሑፍ ሳትልኪ ወንበሩ ላይ አትውጪ።

ደግሞ ተባባሪ ዲን ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንድ ኮሌጅ የአካዳሚክ አለው፣ የምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት አለው፣ የድኅረ ምረቃም ያለው አለ። የምርምሩ ወንበር ላይ ያለ ሰው ግራንት የት እንዳለ ቶሎ ያውቃል፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ጋር ይሠራል፣ ስሙም ጽሑፍ ላይ ይወጣል። የአካዳሚኩ ቦርከና እንደነገረሽ ነው። ወደ ዲንነት ግን የሚቀርበው የአካዳሚኩ ነው፣ ምክንያቱም ትምህርት ክፍሎቹን ሁሉ በስም የሚያውቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ እኛ አካባቢ አመራር መሆን የፈለገ ሰው አንድ በር ነበረው። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ወልድያ አለ፣ መቅደላ አምባም ቱሉ አውሊያና ጊምባ ላይ ካምፓስ ከፍቷል። የግል ኮሌጆቹን ሳልቆጥር ነው። እዚህ የያዝሽው ልምድ እዚያም ይጠየቃል። የኮሌጅሽን ዲን ወንበር ብቻ አትዪ።

ሬጅስትራር ሠፈር

ከሬጅስትራር በኩል ልናገር፣ እኛን የሚሰማን የለም እንጂ።

ጎበዝ ተባባሪ ዲን በአንድ ነገር ይለያል፤ ግሬድ በሰዓቱ ያስገባል። ንግግር ያሳምራል አያሳምርም፣ ፕላኑ ያምራል አያምርም፣ ለኛ ጉዳያችን አይደለም።

ሌላው ግን ወንበሩ ዛሬ የድሮው አይደለም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ሬሜዲያሉ፣ ላላለፉት የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ድሮ አንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ ብዙ ሴክሽን ነበር፤ ዛሬ አንዳንዱ ክፍል አንድ ሴክሽን ለመሙላት ይቸገራል። ተማሪ ሲያንስ ሎድ ያንሳል፣ ሎድ ሲያንስ መምህር ይፈራል። ትምህርት ክፍል ይታጠፍ ይዋሃድ የሚለው ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚንኳኳው የማን በር ይመስልሻል?

በዚያ ላይ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናው አለ። 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፣ ደግሞ ይፈተናል። ውጤቱ ሲመጣ በትምህርት ክፍል ተከፋፍሎ ነው። ዝቅ ያለውን ክፍል "ለምን?" የሚለው ደብዳቤ ለዲኑ ይጻፋል፣ ዲኑ ጎን ላይ "ለተባባሪ ዲን፣ አስፈላጊው ይፈጸም" ብሎ ይመራዋል። መልሱን የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ። ቱቶሪያል ማስያዝ፣ ሞዴል ፈተና ማውጣት፣ የኮምፒውተር ክፍል ማመቻቸት፣ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ሁሉም።

የፕላን አቀራረቡ ላይ ሌሎቹ "የልህቀት ማዕከል እናደርገዋለን" ሲሉ፣ አንቺ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡት ክፍሎች የትኞቹ ኮርሶች ላይ እንደሚወድቁ በዝርዝር ይዘሽ ቅረቢ። ኮሚቴው ይነቃል። ቁጥሩ ትምህርት ክፍሎቹ እጅ አለ።

ሰሚራ

እታለም፣ እኔ አሁን ወንበሩ ላይ ነኝ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ። ወንዶቹ ያልነገሩሽን ልንገርሽ።

ስብሰባው የሚጠራው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ለምን ብትዪ፣ ቀን ሁሉም ክላስ አለበት። 11 ተኩል ላይ ሰርቪሱ ይወጣል፣ ስብሰባው ገና ሁለተኛ አጀንዳ ላይ ነው። ወንዶቹ ከዚያ በኋላ ፒያሳ ቡና ይሉና እውነተኛውን ውሳኔ እዚያ ይወስኑታል። አንቺ ልጅ ልታነሺ ስትሮጪ ነገሩ አልቆ ጠዋት ትሰሚዋለሽ። ይህ እንዴት እንደሚያናድድ!

እኔ ያደረግኩት ምንድነው፣ ከመፈረሜ በፊት ዲኑን ቁጭ ብዬ አነጋገርኩት። ስብሰባ በጠዋት ይሁን አልኩ። "ልማድ አይደለም" አለ፣ ከዚያ እሺ አለ። ሎዴ ምን ያህል እንደሚቀነስ የሴኔት ሕጉን አንቀጽ ጠቅሼ በምደባ ደብዳቤዬ ላይ እንዲጻፍ አደረግኩ፣ ምክንያቱም ካልተጻፈ ሴሚስተሩ ሲጀምር "መምህር ጠፋ፣ ይህቺን ኮርስ ብቻ" ይሉሻል፣ ከዚያ ሌላ "ይህቺን ብቻ"። ዲኑ ሲወጣ ውክልናው በጽሑፍ ለኔ እንዲሰጥም ጠየቅኩ። እሱን ያላገኘ ተባባሪ ዲን ሁሌም ጸሐፊ ሆኖ ነው የሚቀረው። አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ የምርምር ቀኔ ነው ብዬ በሬ ላይ ለጥፌያለሁ። ተማሪዎቹ ያከብሩታል። የማያከብሩት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፣ ስለዚህ ያን ቀን ቢሮ አልገባም፣ ቤተ መጻሕፍት ነኝ።

"ሴት ስለሆነች ነው" ይሉሻል። ይበሉ። ወንዱ ሲሾም ለምን እንደተሾመ ማን ይጠይቃል? ዲንሽ ያለው ደብሮሽም ቢሆን በሩ ተከፍቷል፣ ግቢ።

አበሉን አስበሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ። የኃላፊነት አበል አለ፣ ግን ከግቢ ውጭ ሌላ ቦታ የሚያስተምሩት ጓደኞችሽ በትርፍ ሰዓት ከዚያ የበለጠ ያገኛሉ፤ አንቺ ለዚያ ጊዜ አይኖርሽም።

የገራዶዋ (ጠያቂ)

አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁም። ተጠራጣሪው ጭምር፣ ቢያንስ አሳቅከኝ። ነባሩ መምህር፣ ጋሼ፣ አንድ ልጠይቅዎ። የማስታወቂያው ጊዜ ሊያልቅ ነው፣ ሪቪው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ትናንት ማታ ከብዙ አስተያየት ጋር ተመለሰልኝ። ሁለተኛው ጽሑፍ ገና ግማሹ ላይ ነው። ሁለቱን ሳትልኪ አትውጪ ብለውኛል። ይህ ከሆነ ዘንድሮ ይለፈኝ ማለት ነው? ሰሚራዬ፣ የደብዳቤሽን አጻጻፍ በውስጥ መስመር ብትልኪልኝ ደግሞ ውለታሽን አልረሳም።

ሰሚራ

ስሜን አጥፍቼ ማታ እልክልሻለሁ።

ነባሩ መምህር

ዘንድሮ ይለፈኝ አላልኩም። ብታሸንፊም የምደባ ደብዳቤው እስኪመጣ፣ ርክክቡ እስኪያልቅ ጊዜ አለ። ርክክቡን በቃል እንዳታደርጊው። ያልተፈቱ ኤንጂዎች፣ ያልተመለሱ የተማሪ አቤቱታዎች፣ የተጀመረ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ካለ ሁሉንም በዝርዝር አስፈርመሽ ተረከቢ፤ አለበለዚያ የሰውየው ዕዳ ያንቺ ይሆናል። ኮሌጃችሁ ቤተ ሙከራ ካለው ደግሞ ዕቃውንም ጠይቂ። በ2014 ጦርነት ስንት ነገር እንደተዘረፈ ታውቂያለሽ፣ እስካሁን በወረቀት ላይ ያለ፣ መደርደሪያው ላይ ግን የሌለ ዕቃ አይጠፋም።

ጽሑፉን በተመለከተ የተመለሰውን አሁን አርሚው፣ የሪቪው አስተያየት ሲቆይ ይከብዳል። ሁለተኛውን አማካሪሽ ጋ ላኪለትና አብራችሁ ጨርሱት፣ ብቻሽን አትሸከሚው። ማመልከቻውን ግን ነገ አስገቢ።

ቦርከና

የምርምር ተባባሪ ዲኑ ወንበርም ክፍት መሆኑን ጠይቂ በዚያው። እኛ ጋ ሁለቱን በአንድ ማስታወቂያ ነበር የሚያወጡት፣ ሰው ግን የላይኛውን መስመር ብቻ አንብቦ ይሄዳል።

የገራዶዋ (ጠያቂ)

አሁን ገልጬ አየሁት። ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ! የምርምሩ። ዲኑ ደግሞ አንድም ቃል አልነገረኝም። ጠዋት ቢሮው እሄዳለሁ፣ የሚለኝን እጽፍላችኋለሁ።